ገመድ የማይለካው ማዕዘን

ከመካከላችን ብዙዎቹ የታሪክና የቋንቋ ትምህርት የመረጥነው፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ከሒሳብ ሸሽተን ነው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሁለት ትይዩ መስመሮች ተሰምረው ሦስተኛው ሲያቋርጣቸው የሚፈጠሩትን ስምንት ዘዌዎች ስንሸመድድ፣ «ይህ ነገር ከየት መጣ? ለማንስ ይጠቅማል?» ብሎ የጠየቀ ተማሪ ትዝ አይለንም። መምህሩም አልነገሩን፤ እኛም አልጠየቅን፤ ፈተናውን አልፈን ረሳነው። እነሆ ዛሬ በታሪክ ክፍል ተቀምጠን ያው የሸሸነው ነገር በሌላ በር ገብቶ አገኘን።

ያገኘን በሄሮዶቱስ በኩል ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የኖረው ይህ ግሪካዊ፣ በታሪኩ ሁለተኛ መጽሐፍ ስለ ግብፅ ሲያወራ፣ ሴሶስትሪስ የሚባል ንጉሥ መሬቱን እኩል አራት ማዕዘን እያደረገ ለሰዎቹ አከፋፍሎ ግብር እንደጣለባቸው ይነግረናል። የወንዙ ሙላት ከአንዱ መሬት ቆርሶ የወሰደ እንደሆነ ባለመሬቱ ለንጉሡ ያመለክታል፤ ንጉሡም ለኪዎች ልኮ የጎደለውን አስለክቶ ግብሩን በዚያው ልክ ይቀንስለታል። ግሪኮች ጂኦሜትሪን የተማሩት ከዚህ ሳይሆን አይቀርም ሲል ሄሮዶቱስ ይገምታል። ቃሉም ራሱ በግሪክኛ «ምድርን መለካት» ማለት ነው።

ታዲያ ያንን ድንበር በየዓመቱ እየደመሰሰ ሰውን መስመርና ማዕዘን እንዲማር ያስገደደው ሙላት ከየት የመጣ ይመስላችኋል? በክረምት ግብፅ ይደርስ የነበረው ውኃ አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደ ነው። በመንዝና በግሼ፣ በመርሐ ቤቴ ላይ የሚዘንበው ዝናብ በወንጪትና በጀማ ተሰብስቦ ዓባይ ይገባል፤ አፈሩንም ይዞ ነው የሚገባው። (የመንዝ ምሥራቁ ገደል ውኃ ግን ወደ አዋሽ በኩል ይወርዳል፤ የዚያ አገር ሰው እንዳይቀየመን ነው የምንናገረው።) እንግዲህ ለጂኦሜትሪ ትምህርት ውኃውንና ጭቃውን ካዋጡት አንዱ የእኛ ደጋ ነው ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ትምህርቱ ግን ወንዙን ተከትሎ ሽቅብ አልወጣም። ወይም ወጣና ግማሹን መንገድ ላይ ጥሎ መጣ። ይህ ጽሑፋችን ስለዚያ ስለተጣለው ግማሽ ነው።

ባለፈው ጥር፣ በሴሚስተሩ ዕረፍት፣ ሦስት ሆነን ወደ መንዝ ወጣን። አንዳችን የጌራ ምድር ልጅ ነው፤ ሁለታችን ብርዱን ለመጀመሪያ ጊዜ የቀመስን ነን። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች መሆኗን መጽሐፍ ላይ ማንበብ ሌላ፣ እዚያ ሌሊቱን ያለ ባና ማደር ሌላ።

የጓደኛችን ሁለት አጎቶች ከአባታቸው የወረሱትን እርሻ ለሁለት ተካፍለው ጎን ለጎን ያርሳሉ። ሲካፈሉ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ አንድ ገመድ ተይዞ፣ ለታላቁም ለታናሹም በአንድ ልክ ተለክቶ ነው፤ ቁመቱ 50 ሜትር፣ ወርዱ 40 ሜትር ያህል። የታናሹ ገብስ ግን ከዓመት ዓመት ያንሳል። አፈሩ አንድ ነው፣ ዘሩ አንድ ነው፣ በሬ እንኳ በመቀናጆ ነበር የሚያርሱት። ስለዚህ ለታናሹ የሚታያቸው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ወንድማቸው ድንበር እየገፉ ነው። ታላቁ በዚህ ክስ አጥንታቸው ድረስ ቆስለዋል። መቀናጆው ፈረሰ። በአባታቸው ተዝካር ቀን እንኳ አንድ ማዕድ አልቀረቡም አሉን።

«እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ እስቲ ገመዱን እንደገና ጣሉት» አሉን ታናሹ።

ጣልነው። 50 በ40። ወዲያ ተሻግረን የታላቁን ጣልን። 50 በ40። የተገፋ ድንበር የለም። ታናሹ አላመኑንም። እኛም ብንሆን፣ ገብሱ ለምን እንደሚያንስ ስንጠየቅ የምንመልሰው አልነበረንም። ወደዚህ ነገር ኋላ እንመለሳለን፤ ማታ በባትሪ መብራት ደብተር ላይ ስንጭር ያገኘነው ነገር የሁለት ወንድማማቾች ጉዳይ ብቻ ሆኖ አላገኘነውምና።

መጀመሪያ መስመሩን እንመልከት። ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ በእስክንድርያ በጻፈው መጽሐፍ መስመርን ስፋት የሌለው ርዝመት ያደርገዋል። የመንዝ ድንበር ግን ስፋት አለው። በሁለት እርሻ መካከል ሣር የበቀለበት፣ ከማሳው የተለቀመ ድንጋይ የተጣለበት ቀጭን መሬት ነው። ስፋት ስላለው ደግሞ ይበላል። አንድ ሰው በየዓመቱ አንዲት ትልም ወደዚያ ቢያስጠጋ ጎረቤቱ ላይታወቀው ይችላል፤ በ10 ዓመት ግን ሣሩ አልቆ ሁለቱ እርሻዎች ይጋጠማሉ፤ ያን ጊዜ ነው ዱላ የሚመዘዘው። «ድንበር ገፊ» በአማርኛ ከባድ ስድብ የሆነው ያለ ነገር አይደለም። ኦሪት ዘዳግም ውስጥ የባልንጀራውን ድንበር የሚያፈልስ ሰው በይፋ ከሚረገሙት መካከል ነው።

ከ1967 ዓ.ም. በፊት መንዝ የርስት አገር ነበር። የአቅኚዎቹ የማማ፣ የላሎና የጌራ ስም ዛሬም በወረዳዎቹ ስም ላይ አለ፤ መንዝ ማማ ምድር፣ መንዝ ላሎ ምድር፣ መንዝ ጌራ ምድር እንላለን። ርስት የሚፈልግ ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ቆጥሮ ከአቅኚው አባት መድረስ ነበረበት። እዚህ ላይ ቋንቋችን ብልህ ነው። ፈረንጅ የትውልድ መስመር ይለዋል፤ እኛ ሐረግ እንለዋለን። ሐረግ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ይጠመዘዛል፣ ይቀጠላል፣ ከሌላው ሐረግ ጋር ይተበተባል። አንድ ሰው ወደ ላይ ሦስት ትውልድ ቢቆጥር ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት፤ በስምንቱም በኩል የሚጠይቀው መሬት ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ የርስት ሙግት ከ«ስንት ነው?» ይልቅ «የማን ነው?» የሚል ነበር። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ የሚለው አነጋገር ስለ ባለቤት እንጂ ስለ ካሬ ሜትር አያወራም። የጓሳም ሣር እንዲሁ ነው፤ የአስቦና የጌራ ተወላጆች በቀሮ ሥርዓት መቼ እንደሚታጨድና ማን እንደሚያጭድ ተማምለው ጠበቁት እንጂ ለእያንዳንዱ በገመድ አልሸነሸኑትም።

«ስንት ነው?» የተባለ እንደሆነ መልሱ ጥማድ ነው። ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ ዛሬ 4 ጥማድ አንድ ሄክታር ተብሎ ይቆጠራል። ከተሜዎች ስንሰማው ልክ የሌለው፣ ዝም ብሎ ግምት የሆነ ይመስለናል። እኛም መስሎን ነበር። ነገር ግን ልብ በሉ፤ በሬ ስለ ቁመትና ወርድ የሚያውቀው የለም፤ እየተመላለሰ ምድሩን በሙሉ ይረግጠዋል። መሬቱ የተጣመመ ቢሆን፣ ሦስት ማዕዘን ቢሆን፣ ፈፋ ገብቶበት ጎኑ የተቦረቦረ ቢሆን፣ የበሬው ቀን ያን ሁሉ ቆጥሮ ነው የሚመሸው። ጭንጫውንና ቁልቁለቱንም ጭምር ይቆጥራል።

ደግሞስ ገበሬው ማዕዘን አያውቅም ያለው ማነው? ማረሻችን አፈሩን ሰንጥቆ ይከፍታል እንጂ አይገለብጥም። ስለዚህ አንዴ ወዲህ የታረሰ ማሳ ሁለተኛ ሲታረስ የፊተኛውን ትልም አቋርጦ ነው። ገበሬው 90 ዲግሪ የሚባል ነገር ሰምቶ ላያውቅ ይችላል፤ በሬዎቹን ግን ወደዚያ ያዞራቸዋል። ፈሰስ ሲያወጣስ? ፈሰስ የጎርፍ መውረጃ ትልም ነው፤ ማሳውን አግድም ቁልቁል ሰያፍ ሆኖ ያቋርጣል። ቁልቁል ከበዛ ውኃው በርትቶ ማሳውን ይቦረቡርና በሦስት ክረምት ፈፋ ይሆናል፤ አግድም ከበዛ ደግሞ ውኃው ይተኛና ገብሱ ቢጫ ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለችውን ዘዌ ሰውዬው በዓይኑ አይቶ፣ በእግሩ ረግጦ ነው የሚያገኛት። ድንጋይ ቤት የሚሠራው ግንበኛም ቱምቢ አለው፣ ውኃ ልክ አለው፤ የግድግዳውን ማዕዘን የሚፈትሽበትን መሣሪያ ስም ግን ከጣሊያን ተውሶ ስኳድራ ይለዋል። ስኳድራ ያልያዘ ደግሞ ገመዱ ላይ 60፣ 80፣ አንድ ሜትር ምልክት አድርጎ ሦስት ማዕዘን ሲዘጋው ማዕዘኑ ቀጥ ይላል። ይህ ያው ክፍል ውስጥ በፓይታጎረስ ስም የሸመደድነው ነገር ነው።

ማዕዘን የሚለውን ቃል ራሱን ብትመረምሩት ሁለት ነገር ይዟል። የቤት ጥግ ነው፤ አቅጣጫም ነው። «ሰው ከአራቱም ማዕዘን መጣ» እንላለን። ይህ የቃል ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአገራችን የመሬት መዝገብ ለረጅም ዘመን የተጻፈው በዚህ በሁለተኛው ማዕዘን ነው። በብራና ወንጌል ኅዳግ ላይ የተጻፉት የመሬት ስጦታዎች መሬቱን የሚያሳዩት በወንዙ፣ በዛፉ፣ በጎረቤቱ ነው። የቤቱ ጥግ የሆነው ማዕዘን፣ ማለትም ሁለት ጎኖች ሲገናኙ ምን ያህል ይከፈታሉ የሚለው፣ ከመዝገቡ ውጭ ቀረ።

አሁን ቀላድ ይምጣ።

ቀላድ የመለኪያ ገመድ ነው፤ ርዝመቱ ከ60 ሜትር የሚበልጥ። ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በሸዋ ውስጥና ከዚያም ወደ ደቡብ በብዙ አገር ላይ ተጣለ። «ቀላድ ተጣለበት» ይባላል፤ መቼም ሸክም ወይም መርግ የተጣለበት ያህል ነው አነጋገሩ። መለኪያው ጋሻ ሆነ። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ባሳተሙት «ዝክረ ነገር» ስለ መሬት ሥሪትና ልክ ሰፊ ዝርዝር ይገኛል። ጋሻው እንደ መሬቱ ለምነት ይሰፋል ይጠባል፤ ኋላ ላይ ግን 40 ሄክታር ያህል ተብሎ ተለመደ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ለለም ጋሻ 15 ብር፣ ለለም ጠፍ 10 ብር፣ ለጠፍ 5 ብር ነበር። በደቡብ በተለካው አገር ሲሶው ለባላባቱ ተትቶ የቀረው የመንግሥት ተባለ። ገመዱ የሚለካው ግብርን ብቻ አልነበረም፤ ማን ባለመሬት፣ ማን ጭሰኛ እንደሚሆንም ለካ።

የባላባታዊውን ሥርዓት ግፍ ብዙዎች ጽፈውታልና እኛ አንደግመውም። የምንጠይቀው አንዲት ትንሽ ጥያቄ ናት፤ ገመዱ እንዴት ነበር የሚጣለው? ቁመት ይለካል፤ ወርድ ይለካል፤ ይባዛል። መሬቱ እንደ መጽሐፍ ገጽ ቀጥ ያለ ከሆነ ትክክል ነው። የተጋደመ ከሆነስ?

አንባቢ እርሳስ ያንሣ። አራት እኩል እንጨቶች በሚስማር አያይዙና ካሬ ሥሩ። ጎኑ 60 ሜትር ነው እንበል፤ ስፋቱ 3600 ካሬ ሜትር ይሆናል። አሁን የላይኛውን እንጨት ወደ ቀኝ ግፉት። እንጨቶቹ አላጠሩም፤ ዙሪያው ያው 240 ሜትር ነው። ማዕዘኑ ከ90 ወደ 60 ዲግሪ ሲወርድ ስፋቱ 3118 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። 30 ዲግሪ ሲደርስ 1800፣ ማለትም ግማሽ ብቻ ይቀራል። ጨርሳችሁ ብትገፉት እንጨቶቹ ተደራርበው መሬት የሚባል ነገር አይኖርም፤ ገመዱ ግን አሁንም 60 በ60 ይላል።

ይህን ስሕተት የሠራነው እኛ ብቻ አይደለንም። በግብፅ ኤድፉ በሚገኘው የሆሩስ ቤተ መቅደስ ላይ ስለ መሬት በተቀረጸው ጽሑፍ የአራት ጎን መሬት ስፋት የሚሰላው ተቃራኒ ጎኖቹን ደምሮ ለሁለት አካፍሎ፣ ሁለቱን አማካዮች በማባዛት ነው። ማዕዘን በውስጡ የለም። የዚህ ስሌት ጠባይ ደግሞ አስገራሚ ነው፤ መሬቱ ትክክለኛ አራት ማዕዘን ካልሆነ በስተቀር ሁልጊዜ ያበዛል፣ መቼም አያሳንስም። በገበያ ሚዛን አንዴ ለሻጭ፣ አንዴ ለገዢ ማድላት ያለ ነው። ይህ ግን ለአንድ ወገን ብቻ የሚያደላ ሚዛን ነው፤ ያ ወገንም ግብር ሰብሳቢው ነው። 40 ሄክታር ተብሎ የተመዘገበ አንድ ጋሻ ማዕዘኑ 60 ዲግሪ ቢሆን እውነተኛ ስፋቱ ከ35 ሄክታር ያነሰ ነው። ከ5 ሄክታር በላይ የሌለ መሬት፤ ግብር ግን ይከፈልበታል። ይህን ማንም ተንኮለኛ ሹም አስቦ አላደረገውም እንበል። ባያደርገውም ሆኗል።

ፕሮክሉስ የተባለው የ5ኛው መቶ ዓመት ፈላስፋ በዩክሊድ መጽሐፍ ላይ በጻፈው ማብራሪያ፣ መሬት ሲካፈሉ ዙሪያው ረጅም የሆነውን ለባልንጀራቸው እየሰጡ፣ ራሳቸው ዙሪያው አጭር ስፋቱ ግን ትልቅ የሆነውን እየወሰዱ በቸርነት የተመሰገኑ ሰዎች ነበሩ ይላል። ምሥጋናው ነው ያሳቀን።

ገበሬው ገመድን የፈራው ይህን ስሌት አውቆ ነው አንልም። ግን ፈርቷል፤ ፍርሃቱም መሠረት ነበረው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ የጎጃም ገበሬ መሬቱ ተለክቶ ርስቱ ሊወሰድ ነው ብሎ ተነሣ። ጦር ተላከ፤ አይሮፕላን ቦምብ ጣለ፤ በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ገመዱም ወደ ከረጢቱ ተመለሰ።

ከዚያ ሦስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በየካቲት 1957 ዓ.ም.፣ እንደኛ ያሉ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ አዲስ አበባ ላይ ወጥተው ነበር። እኛ የዛሬዎቹ ስለዚያ ሰልፍ ስናወራ መፈክሩን እናነሣለን። ከመፈክሩ በኋላ ስለመጣው ሥራ ግን እምብዛም አናነሣም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ፤ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር አይበልጥም አለ፤ ቢያንስ በ20 ጋሻ መሬት ላይ የገበሬ ማኅበር ይቋቋም አለ። በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወረዱ። ከነዚያ ውስጥ ስንቱ ነው ገበሬ ማኅበር ፊት ቆሞ «እኩል አካፍሉን» የተባለው? እኩል ማለት ምን ማለት ነው? አንድ ገመድ ለሁሉም? እንግዲህ መፈክሩ ያልመለሰው ጥያቄ ይህ ነበር፤ የፍትሕ ጥያቄ የማዕዘን ጥያቄ ሆኖ መጣ። ያ ትውልድ ሒሳብ አያውቅም ነበር ማለታችን አይደለም፤ ከእኛ የተሻሉ ነበሩ። በእጃቸው የነበረው መሣሪያ ግን ያው የጥንቱ ገመድ ነው።

ገመዱ በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተደረገው ሽግሽግም ተመልሶ መጣ። «ቢሮክራት» ተብለው የተፈረጁ ገበሬዎች ከ4 ጥማድ በላይ እንዳይዙ ተደረገ፤ ከደርግ ዘመን የቀበሌ ሥልጣን ጋር የተነካካው ሁሉ ፈራ። በዚያ ዘመን አንዲት ገመድ ልዩነት ለአንድ ቤት ምን ማለት እንደነበር የመንዝ ሰው እስከ ዛሬ በቁጭት ያወራዋል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ክልሉ የመሬት ይዞታ ደብተር መስጠት ጀመረ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በተለይ ለሴቶች፤ የባልና የሚስት ስም አብሮ የሰፈረበት ደብተር ስለሆነ። የጓደኛችንን አያት ደብተር አይተነዋል፤ የመሬቱ መጠን በግምት፣ ከዚያም አዋሳኝ፤ ምሥራቅ እገሌ፣ ሰሜን እገሊት፣ ደቡብ መንገድ፣ ምዕራብ ፈፋ። አራት ማዕዘን፣ አራት ስም። መሬቱን ዞረን ስንቆጥር ግን ሰባት ጥግ አለው።

ቀጥሎ የመጣው ሁለተኛ ደረጃ የሚባለው ምዝገባ በአየር ፎቶና በሳተላይት እየታገዘ የእያንዳንዱን ማሳ ካርታ ያወጣል። በዚህ ማዕዘኑ ተመልሶ ይገባል፤ ጥጎቹ ሁሉ በነጥብ ይያዛሉ። ነገር ግን አዲስ ድንጋጤም ይዞ ይመጣል። ካርታ መሬቱን ከላይ ነው የሚያየው፤ ተዳፋቱን አግድም አድርጎ ይለካዋል። ከዓለም ከተማ ተነሥቶ ወደ ጀማ ሸለቆ የሚወርድ ሰው ይህን እግሩ ይነግረዋል። 30 ዲግሪ በተዳፋ መሬት ላይ የተዘረጋ 100 ሜትር ገመድ ካርታ ላይ 86 ሜትር ከግማሽ ነው። በገመድ አንድ ሄክታር ብሎ የኖረ ሰው ወረቀቱ ሲመጣ ከአንድ ጥማድ ግማሽ በላይ «ይጠፋበታል»። ማንም አልወሰደበትም። ዝናቡም ሆነ ገብሱ ቀጥ ብለው እንጂ በተዳፋቱ አንፃር አይቆሙምና ካርታው ትክክል ነው ብለን ማስረዳት እንችላለን። ሄዳችሁ አስረዱ።

ወደ ወንድማማቾቹ እንመለስ። የታላቁ ማሳ ሜዳ ላይ ነው፤ ጥጎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። የታናሹ በፈፋው በኩል ነው፤ ፈፋው ሰያፍ ስለሚሄድ ማሳውም ከእርሱ ጋር ተጋድሟል። ዓይናችን ይህን ቀን አይቶት ነበር፤ ገመዱ ግን አልመሰከረም። በማግሥቱ ጧት 12 እኩል ምልክት ያለው ገመድ አዘጋጅተን፣ ሦስት አራት አምስት አድርገን ቀጥ ያለ ማዕዘን አወጣንና በሁለቱ ረጃጅም ጎኖች መካከል ያለውን እውነተኛ ርቀት ለካን። የታላቁ 40 ሜትር። የታናሹ 30 ሜትር ከግማሽ። 50 ጊዜ 40 ሁለት ሺህ ነው፤ 50 ጊዜ 30 ከግማሽ 1525 ነው። ሩብ የሚጠጋ መሬት ከመጀመሪያውም አልነበረም።

ደብተራችን ላይ ስለን አሳየናቸው። እንጨት አያይዘን ገፋን። ታናሹ ዝም አሉ። ታላቁ ግን ብዙ ጊዜ ካዩት በኋላ፣ «በመቀናጆ ስናርስ የእሱ ቶሎ ነበር የሚያልቅ» አሉ። «የኔ ሲሆን ረፋዱ ያልፋል፤ የእሱ ጊዜ በሬው ሳይደክም እንፈታለን። እኔማ የእሱ ጉልበት መስሎኝ...» በሬዎቹ ነገሩን ያወቁት ከሁሉ ቀድመው ነው።

«እንግዲህ ጋሼ አልገፋም በሉኛ» አሉ ታናሹ፣ ወደ እኛ ሳይሆን ወደ ፈፋው እያዩ።

«አልገፉም።»

«ታዲያ ማንን ልክሰስ?»

ለዚህ መልስ አልነበረንም። ታላቁ ተነሥተው በድንበሩ ሣር ላይ እስከ ጥግ ሄደው ተመለሱ፤ ምንም አላሉም። ለጥር 21፣ ለአስተርእዮ ማርያም፣ ያው ያካፈሏቸው ሽማግሌዎች እንዲቀመጡ ቀጠሮ ተያዘ። እኛ ትምህርት ሊጀመር ስለነበር አልቆየንም። ባለ 12 ምልክቱን ገመድ ግን ትተንላቸው መጥተናል።